ለከርሞ ያልኩት መስቀል

ከሽሮ ሜዳ ወደ ቁስቋም የሚወጣው ዳገት ጠዋት ጠዋት ጉም ይለብሳል። ሃያ ሁለት ዓመት ያንን ዳገት ስወጣ መንገዱን አጥርቼ ያየሁባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። መጀመሪያ የሰው ድምፅ ይመጣል፣ ከዚያ ጥላው፣ ከዚያ ፊቱ። ሥራዬም እንደዚያ ነበር። አስተርጓሚ ነበርኩ። የውጭ አገር ሐኪሞች እየተፈራረቁ በሚሠሩባት አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ፣ በሐኪሙና በታማሚው መካከል ተቀምጬ የአንዱን ቃል ለሌላው ሳቀብል ኖርኩ።

አሁን እዚያ ወንበሬ የለም። ሐኪሞቹ ጠረጴዛቸው ላይ የሚያስቀምጡት፣ ሰው ሲናገር ሰምቶ በሌላ ቋንቋ የሚመልስ ስልክ መጥቷል። ሥራ አስኪያጁ በትሕትና አመስግኖ፣ ኬክ አስቆርሶ ሸኘኝ። ሐምሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ቤት መቀመጥ ስላቃተኝ በማታው ክፍለ ጊዜ ማኅበራዊ ሥራ ለመማር ተመዘገብኩ፤ አንደኛ ዓመት ነኝ። የክፍሉ ልጆች «ማዘር» ነው የሚሉኝ። «ማዘር፣ ኖት ይዘሻል?» ይሉኛል። ሁልጊዜ ይዣለሁ።

ይህን የምጽፈው መምህራችን ስላዘዙን ነው። «በግሎባላይዜሽን ዘመን በባህሎችና በሥልጣኔዎች መካከል የሚደረግ ውይይት» የሚል ርእስ ሰጥተውን፣ የሥራ ልምድ ያለው ከልምዱ ተነሥቶ እንዲጽፍ ፈቀዱ። መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ ይኑረው ብለዋል፤ እሞክራለሁ። ከቤተ መጻሕፍት ሦስት መጻሕፍት ተውሼ በጥንቃቄ አነበብኩ። በመጻሕፍቱ ውስጥ ሥልጣኔዎች የሚነጋገሩት በትላልቅ አዳራሾች፣ በባንዲራ ፊት ነው። እኔ ሲነጋገሩ ያየኋቸው ግን በሦስት የእንጨት ወንበሮች ላይ ነው። በአንዱ ጋሽ ጴጥሮስ የሚባሉ ሸማኔ ተቀምጠዋል። በሁለተኛው ዶክተር ሊስቤት የምትባል ሆላንዳዊት ሐኪም አለች። በሦስተኛው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ሐኪሟ የተናገረችውን ቃል ለሸማኔው አላደረስኩም። እስካለፈው ወር ድረስ ሐኪሟ ይህን አታውቅም ነበር።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ወንድይራድ ናቸው። የቀድሞ የእንግሊዝኛ መምህር ነበሩ፤ ነጭ ሪዝ፣ ቀስ ያለ አረማመድ፣ ሁልጊዜ ያው ቡናማ ሹራብ። እኔ ከዚያ በፊት በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ቤት እንግዳ ተቀባይ ስለነበርኩ እንግሊዝኛ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ሐኪሙ አንድ ነገር ተናገረና እኔ ለታማሚዋ «ዶክተሩ እራት አይብሉ ይላል» ብዬ አስተላለፍኩ። ጋሽ ወንድይራድ ወደ በረንዳው ጠሩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ይላል ማለት ምንድን ነው? አንቺ ወሬ አመላላሽ ነሽ?»

«ታዲያ ምን ልበል ጋሼ?»

«እሱ እኔ ካለ አንቺም እኔ በይ። ይላል ስትይ ሰውየውን ከክፍሉ አስወጣሽው። እዚያው ተቀምጦ ሳለ።»

ከዚያ በኋላ የእሳቸውን ሥራ እያየሁ ተማርኩ። አንድ ቀን ከእንጦጦ ማዶ የመጣች ነፍሰ ጡር የነገረቻቸውን፣ በዚያ ነጭ ሪዝ፣ ዓይናቸውን እንኳ ሳያርገበግቡ፣ «እኔ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ሌሊት ሌሊት ይረግጠኛል» ብለው በእንግሊዝኛ ሲናገሩ፣ በዚያው ሳምንት የመጣ አዲስ ሐኪም እስክሪብቶውን ጣለ። ሴትዮዋ ቋንቋው ሳይገባት የሐኪሙን ፊት አይታ ሳቀች፤ እሱም ሳቀ። ምርመራው ከዚያ በኋላ ቀለለ።

ጠዋት ከሁላችን ቀድመው ይገቡና ወንበሮቹን ያስተካክሉ ነበር። ሐኪሞቹ ከጠረጴዛ ጀርባ መቀመጥ ይወዳሉ። እሳቸው የሐኪሙን ወንበር አውጥተው ከታማሚው ፊት ለፊት ያደርጉታል፤ የራሳቸውን ደግሞ ከታማሚው ትከሻ ትንሽ ወደ ኋላ። «እኔን የሚያዩ ከሆነ እርስ በርስ አይተያዩም» ይሉ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ሰዓት አያስሩም። ለእያንዳንዱ ታማሚ መጀመሪያ ላይ «የተናገሩትን ሁሉ እናገራለሁ፤ እንዲነገር የማይፈልጉትን ለእኔም አይንገሩኝ» ይላሉ። አንድ ሰው ተናግሮ ሲጨርስ ወዲያው አይጀምሩም። አንድ ትንፋሽ ይጠብቃሉ። በዚያች ትንፋሽ ውስጥ ሰው ዋናውን ነገር ይጨምራል። እኔ ይህን ለመልመድ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ፤ ዝምታ ሲመጣ የሠራሁት ስሕተት ያለ ይመስለኝ ነበርና።

ሥራ ሲያበቃ ታክሲ አይዙም። በባሕር ዛፉ ውስጥ በእግራቸው ወርደው ጳውሎስ አካባቢ ወደሚገኘው ቤታቸው ይሄዳሉ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ሰው ሁሉ በእኔ አፍ እኔ እያለ ሲውል ማታ ቤት የሚገባው ማን እንደሆነ ማወቅ አለብኝ» አሉኝ። እኔም ያን ጊዜ ብዙ ሕልም አይ ነበር። በሕልሜ ሰዎች በማላውቀው ቋንቋ ይናገራሉ፤ ሁሉም ይግባባሉ፤ እኔ መካከላቸው ቆሜ ማንም አያየኝም። የሚያስፈራ ሕልም አልነበረም። ደስ የሚል ነበር።

ካየኋቸው የባህል ውይይቶች ሁሉ የምወደው አንድ አለ። ከቁስቋም በላይ ካለው ሰፈር የወረዱ አንዲት እናት ወገባቸውን ታመው መጡ። ዶክተር ሊስቤት ያን ጊዜ ገና አንድ ወሯ ነበር። ረጅም፣ ቶሎ ጆሮዋ የሚቀላ፣ ሁሉን ነገር በሰዓቱ የምትሠራ ሴት ናት። በአገሯ የለመደችውን ጥያቄ ጠየቀች፤ ጋሽ ወንድይራድ አስተላለፉ።

«ሕመምዎ ከአንድ እስከ ዐሥር ስንት ነው?»

«ምኑ?»

«ሕመምዎ። ዐሥር ከሆነ ከሁሉ የባሰው ነው።»

«የኔ ልጅ፣ ሕመም ይቆጠራል እንዴ? እንቁላል ነው?»

ይህንንም አስተላለፉ። ዶክተሯ ግራ ገባት። ጋሽ ወንድይራድ ፈቃድ ጠየቁና በራሳቸው ስም ተናገሩ፤ ይህን የሚያደርጉት ከስንት አንዴ ነው። «ዶክተር፣ እኒህ ሰው ቁጥር ሳይሆን ዳገት ነው የሚያውቁት። እስከየት እንደሚያስኬዳቸው ይጠይቋቸው።» ዶክተሯ ጠየቀች።

«ይህ ሕመም እስከ ቁስቋም ያስኬድዎታል?»

«እስከ ቁስቋም? እስከ በሩም በስንት መከራ!»

ዶክተሯ ደብተሯ ላይ ዳገት ሣለች። ከታች ሽሮ ሜዳን፣ መሐል ላይ ቁስቋምን፣ ከጫፍ እንጦጦን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ታማሚ ሁሉ በዚያ ዳገት ላይ በጣቱ እያሳየ ይናገር ነበር። እሷ ደግሞ የእኛን ረጅም ሰላምታ መጀመሪያ ላይ የሰዓት ብክነት ትለው ነበር፤ ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ ሳይቀር ሲጠየቅ ሰዓቷን ታያለች። በሦስተኛው ወር ግን «ዝናቡ እንዴት ነው?» የሚለውን በራሷ አማርኛ መጠየቅ ጀመረች። አንድ ታማሚ ስለ ዝናቡ ሲመልስ ድምፁ እንደደከመ ያስተዋለችው ከእኛ ሁሉ ቀድማ ነው።

እሷ ለመልመድ ያስቸገራት አንድ ነገር ነበር። እዚህ አገር ክፉ ወሬ ብቻውን ለተቀመጠ ሰው አይነገርም። ሰው ይሰበሰባል፣ ታላላቆች ይመጣሉ፣ የሚደግፍ ትከሻ ከጎኑ ይደረጋል፣ ከዚያ በማለዳ ይነገራል። ሕመምም የማይድን ከሆነ ለቤተሰብ ይነገራል እንጂ ለታማሚው አይባልም። በእሷ አገር ግን ሕመሙ የታማሚው ነው፤ ከእሱ በፊት ለሌላ ሰው መንገር እንደ ሌብነት ይቆጠራል። በዚህ ጉዳይ ከጋሽ ወንድይራድ ጋር በረንዳው ላይ ስንት ጊዜ ተከራከሩ! እሷ «የሰውየው ሕይወት የማን ነው?» ትላለች። እሳቸው «የእሱ ነው። ግን ብቻውን አይደለም የኖረው» ይላሉ። ማንም አላሸነፈም። በመጨረሻ ግን ሁለቱም ወደ መካከል የመጡ ይመስለኛል። እሷ በቀጥታ መናገሩን ትታ ታማሚው እንዲጠይቅ በር ከፍታ መጠበቅ ለመደች። እሳቸው ደግሞ የጠየቀ ሰው ካለ ሳይመለስለት መሄድ የለበትም ወደሚለው መጡ። ከዚያም ጋሽ ወንድይራድ ጡረታ ወጡ። ወንበሮቹን የማስተካክለው እኔ ሆንኩ።

ጋሽ ጴጥሮስ የመጡት በዚያው ዓመት ሐምሌ ውስጥ ነው። ከጨንቻ ተራራ የመጡ፣ በሽሮ ሜዳ የታወቁ ሸማኔ ነበሩ። ቀጭን፣ ቀልደኛ፣ ለጥበብ ዓይን ያላቸው ሰው። የለበስኩትን ነጠላ ጥለት በጣታቸው ነክተው «ይሄን የሠራው ሰው ያን ቀን ከሚስቱ ጋር ተጣልቷል» ብለው አሳቁኝ። ሆዳቸውን ያማቸዋል፤ ከስተዋል። ዶክተር ሊስቤት ናሙና ወስዳ ለትልቅ ሆስፒታል ላከች። ውጤቱ በነሐሴ መጨረሻ መጣ። ካንሰር ነበር፤ ከጉበት አልፎ ተሰራጭቷል። ዶክተሯ ውጤቱን አንብባ ረጅም ጊዜ በመስኮቱ ጉሙን አየች። «ከወራት አይበልጥም» አለችኝ።

ታናሽ ወንድማቸው ማርቆስም ሸማኔ ነው። በጋሽ ጴጥሮስ ፈቃድ ከእሳቸው ቀድሞ ገብቶ፣ እኔ እያስተረጎምኩ ከዶክተሯ ጋር ተነጋገረ፤ ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ያዘኝ።

«እህቴ፣ አደራሽን። ዛሬ እንዳይሰማ። ሰዉ ሁሉ ባለበት እንነግረዋለን።»

«አይዞህ» አልኩት።

ሐኪሟን ሳልጠይቅ፣ ታማሚውንም ሳልጠይቅ፣ ኮሪደር ላይ አደራ ተቀበልኩ። ለማስደሰት የምቸኩል ሰው ነኝ። ይህ ጠባዬ በብዙ ቦታ ጠቅሞኛል፤ በዚያ ቀን ግን ወደ ክፍሉ የገባሁት ለአንድ ወገን ቃል ገብቼ ነው።

ጋሽ ጴጥሮስ ተቀመጡ። ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ዝናቡም ተጠየቀ። ከዚያ ጋሽ ጴጥሮስ ራሳቸው በሩን ከፈቱ።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የጋሞ ሰው ለመስቀል አገሩ ይገባል፤ ይህን ታውቂያለሽ። እኔ ሁለት ዓመት ቀርቻለሁ። ከውጭ አገር ሱቅ ትእዛዝ እየመጣ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን እየተባለ፣ መሄድ አልቻልኩም። አሁንም ትልቅ ትእዛዝ ይዣለሁ። እናቴ በሕይወት አለች። ዘንድሮ ልሂድ፣ ወይስ ትእዛዙን ጨርሼ፣ ከሕመሜም አገግሜ፣ ለከርሞ ልግባ?»

አስተላለፍኩ። ዶክተር ሊስቤት ወንበሯን ትንሽ ወደ ፊት ሳበች። እኔን አላየችም፤ እሳቸውን ነው ያየችው። በዝግታ፣ እያንዳንዱን ቃል እየመረጠች፣ «በእርስዎ ቦታ ብሆን ዘንድሮ እሄዳለሁ። ለከርሞ አላቆየውም» አለች።

አሁን ሳስበው ያ ዓረፍተ ነገር የሁለት አገር ሥራ ነበር። ለወራት ከጋሽ ወንድይራድ ጋር በረንዳ ላይ ስትከራከር የሠራችው ነው። ሞትን አልጠራችም፤ አልዋሸችምም። ማወቅ ከፈለጉ እንዲያውቁ፣ ካልፈለጉ ዝም ብለው ወደ እናታቸው እንዲሄዱ የሚያደርግ ንግግር ነበር።

እኔ ግን የሰማሁት መርዶ ነው። ማርቆስ በሩ ላይ ቆሟል። ሰውየው ብልህ ናቸው፤ ይህን ቢሰሙ ወዲያው ያውቃሉ፤ ያውም እዚህ፣ በባዶ ክፍል፣ ማንም ሳይሰበሰብ። አንድ ትንፋሽ እንኳ አልጠበቅኩም።

«ዕረፍት ያስፈልግዎታል» አልኳቸው። «መንገዱ ሩቅ ነው። በርትተው ለከርሞ ቢሄዱ ይሻላል።»

«እኔ» ብዬ አልጀመርኩም። ዶክተሯ ትላለች ብዬም አልጀመርኩም። የማንም ያልሆነ ቃል ነበር።

ጋሽ ጴጥሮስ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሺ። ዶክተሯ ካለች» አሉ። ዶክተር ሊስቤትም እሳቸው ራሳቸውን ሲነቀንቁ አይታ ራሷን ነቀነቀች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እጃቸውን ያዘች። ሁለቱም የተግባቡ መስሏቸው ተሰነባበቱ። እኔ መካከላቸው ነበርኩ፤ ማንም አላየኝም።

ማርቆስ ያሰበው ሌላ ነበር። «ሰዉ ሁሉ ባለበት» ያለኝ ለመስቀል አገር ቤት ሲገቡ፣ እናት፣ ሽማግሌዎችና ዘመድ በተሰበሰቡበት ማለቱ ነበር። ወንድሙን ወደ አገር ለመውሰድ መለመን ሲጀምር ግን «ዶክተሯ ለከርሞ ብላኛለች፤ አንተ ምን ያጣድፍሃል?» ተባለ። ምክንያቱን ቢናገር ምሥጢሩ ሊወጣ ነው። ልመናውን ተወ። መስከረም ገባ። ሽሮ ሜዳ ውስጥ የመወርወሪያው ድምፅ አንድ በአንድ ጠፋ፤ ሸማኔዎቹ ጓዛቸውን ይዘው ወደ ተራራቸው ሄዱ። ቁልቁል ስወርድ በጸጥታው መሐል የአንድ ሰው መወርወሪያ ብቻ ይሰማ ነበር። ቀስ ያለ፣ እየቆመ የሚነሣ። የማን እንደሆነ አውቄ በሌላ መንገድ ዞርኩ።

በጥቅምት ጋሽ ጴጥሮስ ለሕመም ማስታገሻ መጡ። ዶክተር ሊስቤት በደስታ «በዓል እንዴት ነበር?» ብላ በአማርኛ ጠየቀቻቸው።

«አልሄድኩም እኮ» አሉ።

ጆሮዋ ቀላ። መድኃኒቱን ጽፋ ሸኘቻቸው። ከዚያ ለእኔ እንዲህ አለች፤ «ነግሬው ነበር። ገብቶት ነበር። ከእናቱ ይልቅ ትእዛዙን መረጠ። ይህን አገር ያወቅሁት መስሎኝ ነበር።» በዚያው ሳምንት ሽሮ ሜዳ ላይ ማርቆስን አገኘሁት። «ፈረንጆች አገር መናፈቅ ምን እንደሆነ አያውቁም፤ ለእነሱ ሰው ማለት ሥራ ነው። ለከርሞ አለችው!» አለኝ። እሷ በእኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ስለ እኛ ሁላችን ፈረደች፤ እሱም በዚያችው ስለ እነሱ ሁሉ። ለሁለቱም ዝም አልኩ። በኅዳር የዶክተር ሊስቤት ጊዜ አለቀና አገሯ ገባች። አየር ማረፊያ ድረስ ሸኘኋት። አልነገርኳትም።

በታኅሣሥ ጋሽ ወንድይራድ ቤት ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ምን አደርጋለሁ ጋሼ? መስቀል አልፏል። እሷም ሄዳለች።»

«የተናገረችው ቃል ግን ገና መንገድ ላይ ነው። አንቺ ጋ ነው ያለው። ሂጂ አድርሺው።»

በማግስቱ ሽሮ ሜዳ ወረድኩ። ጋሽ ጴጥሮስ በቆርቆሮው ሥር፣ እግራቸውን የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ከተው፣ ያንኑ የውጭ አገር ትእዛዝ ይሠራሉ። አንገታቸው ቀጥኖ፣ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ነበር። ማርቆስ ክር ሊገዛ ወጥቷል። ከጎናቸው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

«ጋሽ ጴጥሮስ፣ ነሐሴ ላይ ዶክተሯ የተናገረችው እኔ ያልኩትን አልነበረም።»

መወርወሪያውን ያዙት። «ምን አለች?»

«በእርስዎ ቦታ ብሆን ዘንድሮ እሄዳለሁ። ለከርሞ አላቆየውም።»

ረጅም ጊዜ ድሩን አዩ። በዚህ ጊዜ ጠበቅኩ።

«እሷ ናት እንዲህ ያለች?»

«እሷ ናት።»

«ፈረንጇ?»

«አዎ።»

«አውቃኝ ነበር ማለት ነው» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «አንቺ ግን የአገሬ ሰው ነሽ።»

ምላጭ ከጎናቸው አንሥተው ገና ያላለቀውን ሥራ ከመጠቅለያው አጠገብ ቆረጡት። ሸማኔ እንዲህ ሲያደርግ አይቼ አላውቅም። «ለማርቆስ እኔ እነግረዋለሁ» አሉ። «አሁን ሂጂ።» እጄን ስዘረጋ አልጨበጡኝም።

በሳምንቱ አገር ቤት ገቡ። በየካቲት እዚያው አረፉ።

ማርቆስ ሲመለስ ቤቴ ድረስ መጣ። ጋሽ ጴጥሮስ ነግረውት ነበርና ሊሰድበኝ የመጣ መስሎኝ ነበር። ተቀምጦ ግን በለሰለሰ ድምፅ ነገረኝ። «በመስቀል ቢሆን ሰዉ ሁሉ ይሻማው ነበር» አለ። «በዓል ስላልነበረ እናቴ ብቻዋን አገኘችው። ራሱን ጭኗ ላይ አድርጎ ይውል ነበር። ደስ ብሎት ነው የሄደው። አትዘኚ።» አለቀስኩ፤ አመሰገንኩት። ሰባት ዓመት ያንን ይዤ ኖርኩ። ጉሙ ውስጥ ስወጣ ስወርድ አንዲት እናት በጸጥተኛ ተራራ ላይ ልጇን ታቅፋ አያለሁ። ያ ሥዕል ሥራዬን እንድቀጥል አድርጎኛል። ጋሽ ወንድይራድ ሲያርፉም ተጽናንቼበታለሁ።

መምህራችን ይህን ጽሑፍ ሲያዙ፣ ከመጻፌ በፊት የማርቆስን ፈቃድ መጠየቅ እንዳለብኝ አሰብኩ። ባለፈው ወር ሽሮ ሜዳ ሄጄ አገኘሁት። አሁን በወንድሙ ጉድጓድ ውስጥ የሚሠራው እሱ ነው።

«ጻፊው» አለ። «ምን ክፋት አለው?»

ልሄድ ተነሥቼ መልሼ ተቀመጥኩ። ሥራዬን በሙሉ የሰው ፊት ሳነብ ኖሬ የእሱን ፊት ቤቴ በመጣ ቀን ለማንበብ አልደፈርኩም ነበር።

«ማርቆስ፣ ያኔ እንዳላዝን ብለህ የተውከው ነገር አለ?»

እጁ ቆመ። «ለምን ትጠይቂያለሽ አሁን?»

«እውነቱን ይዤ ልኑር ብዬ።»

መወርወሪያውን አስቀምጦ ነገረኝ። ጋሽ ጴጥሮስ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት አእምሯቸው ደክሞ ነበር። መስቀል የደረሰ እየመሰላቸው ጠዋት ጠዋት «ሰዎቹ የት አሉ? ለምን አይመጡም?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። በሩን ክፈቱልኝ ይሉና መንገዱን ያያሉ። መንገዱ ባዶ ነው። እናታቸውም በየቀኑ «መጡ፣ ደርሰዋል፣ ዳገቱ ላይ ናቸው» ይሏቸው ነበር። ሲያርፉም ወደ በሩ ዞረው ነበር።

«ለምን ያን ቀን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ብቻሽን ነበርሽ እኮ» አለ። «ቤትሽ ውስጥ ማንም አልነበረም። እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ብቻውን ለተቀመጠ ሰው ይነገራል?»

ያን ዕለት ማታ ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ለዶክተር ሊስቤት መጻፍ ጀመርኩ። በእንግሊዝኛ ስለነበር አራት ቀን ፈጀብኝ፤ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ያለሰለስኩት እንደሆነ ለማየት ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩት። ምን እንደተናገረች፣ እኔ ምን እንዳልኩ፣ ጋሽ ጴጥሮስ «አውቃኝ ነበር ማለት ነው» ማለታቸውን፣ በሩን፣ ባዶውን መንገድ፣ የእናትየውን ቃል ሁሉ ጻፍኩ። ሰባት ዓመት ሙሉ ስለ እኛ የተሳሳተ ነገር ይዛ የኖረችው በእኔ ምክንያት እንደሆነም ጻፍኩ። ይቅርታ የሚለውን አንድ ጊዜ ብቻ ጻፍኩት፤ ሲበዛ መለመን ይመስላልና።

ለመደምደሚያ መጻሕፍቱ የሚሉትን ልጽፍ አስቤ ነበር። ባህሎች በመከባበር ሊወያዩ ይገባል ይላሉ፤ እውነት ነው። እኔ የምጨምረው ትንሽ ነው። የዶክተር ሊስቤትና የጋሽ ጴጥሮስ ባህሎች ያን ቀን ተከባብረው፣ ከየአገራቸው ተነሥተው፣ መንገዱን ከሞላ ጎደል ጨርሰው ነበር። የቀረችው እኔ የተቀመጥኩባት ቦታ ነበረች።

መልሱ በዘጠነኛው ቀን መጣ። አጭር ነበር። «ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ተናድጃለሁ፤ ለተወሰነ ጊዜም እናደዳለሁ። የእናቱ ስም ማን ነው? በሕይወት አሉ?» ይላል።

ስማቸውን አላውቅም ነበር። ስለ እሳቸው ሰባት ዓመት ሳስብ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም። ቅዳሜ ጠዋት በእግሬ ሽሮ ሜዳ ሄጄ የዶክተሯን ጥያቄ አደረስኩ። ማርቆስ ከጉድጓዱ ቀና ብሎ፣ «ፈረንጇ ናት የጠየቀችው?» አለኝ።

«እሷ ናት።»

«እንደዚህ ብላ? ስሟ ማን ነው ብላ?»

«እንደዚህ ብላ።»

ክሩን ለቀቀ። እናቱ በሕይወት እንዳሉ ነገረኝ፤ ስማቸውንም በጋሞኛ ጠራልኝ። ከዚያ እንዳላበላሸው ብሎ ሦስት ጊዜ አስደገመኝ።